ሃምሳ ጊዜ የታኘከ ምሳ

«እትዬ፣ ሌሊት ዝናቡ አስተኛዎት? ቆርቆሮውን እንዴት እንደደበደበው! በግንቦት እንዲህ ያለ በሐምሌ ምን ሊያደርገን ይሆን? … ደግሞ ያቺ ቀይዋ ዶሮ ሳትቀሰቅስዎት አልቀረችም። አዎ፣ የምትጮኸው እሷ ናት። አውራው ጠግቦ ሲተኛ እሷ ትጮህለታለች። … ይሁን፣ እንኳን መጡልን። ይህ ቤት እንግዳ ሲገባበት ግድግዳው ሳይቀር ይስቃል።»

ሰገነት ይህን እያለች የተቀቀለውን ገብስ በጭልፋ ታወጣለች። ቀኑ እሑድ ነበር፤ ከቅዳሴ ከተመለሱ አንድ ሰዓት አልሞላቸውም። ቢቸና በሚገኘው ቤታቸው ጠረጴዛ ዙሪያ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንዷ ሰገነት ናት። ሁለተኛው ባሏ አካለ ወልድ ነው። ሦስተኛዋ ከየጥኖራ ትናንት የመጡት የአካለ ወልድ ታላቅ እህት ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ናቸው፤ ሰፊ ትከሻ ያላቸው፣ ሳቅ የሚቀርባቸው፣ ከፋሲካ ወዲህ በግ በግ የሚሸት ቤት ትተው የመጡ ሴት።

አካለ ወልድ ምሳው ከመጀመሩ በፊት ለእህቱ የቤቱን ሕግ አስረድቶ ነበር። እያንዳንዱ ጉርሻ ሃምሳ ጊዜ ይታኘካል። እያኘኩ መናገር ክልክል ነው፤ አፍ ሁለት ሥራ ከያዘ ሆድ ይታወካል። ይህን ያለው በኩራት ነው። እህቱም ታዛዥ እንግዳ ናቸውና በማንኪያ የጎረሷትን ገብስ ይዘው እንደ በሬ ቀስ ብለው ማኘክ ጀመሩ። ዓይናቸው ግን በማዕዱ ላይ በርበሬ የነካው ነገር ይፈልግ ነበር። አልነበረም። ገብስ፣ ዱባ፣ ጎመን፣ አልጫ ምስር፤ ያ ብቻ ነበር።

ሰገነት ለራሷ አላወጣችም። አንድ ብርጭቆ ሙቅ ውኃ ይዛ ተቀመጠችና፣ «እኔ ቆይቼ እቀምሳለሁ፤ እናንተ ብሉ» አለች። በዚያ ማዕድ ላይ ባዶ የሆነው አፍ የእሷ ብቻ መሆኑን አካለ ወልድ ያን ጊዜ ልብ አላለውም።

«እንግዲህ እትዬ፣ እርስዎ እያኘኩ ይስሙኝ። መልስ እንዳይሰጡኝ፣ ሕጉ ይፈርሳል። … ይህ ማክሮባዮቲክስ የሚባለው ትምህርት ከጃፓን እስኪመጣልን ድረስ እኮ እኛ በልተን አናውቅም! ገብስ፣ ምስር፣ ጎመን… ማን ያውቃቸው ነበር? እናትዎ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ረቡዕ ነው፣ ዓርብ ነው፣ ሁዳዴ ነው፣ ፍልሰታ ነው እያሉ ይህንኑ ሲበሉ ኖረው በዘጠና አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። ስሙን ሳያውቁት ሞቱ! ‘የእርስዎ ሽሮ ማክሮባዮቲክስ ነው’ የሚላቸው ሰው ቢያገኙ ኖሮ ምንኛ ደስ ባላቸው? … ይኸው እኛ ታድለን፣ ወንድምዎ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ሠልጥኖ የእናቱን ሌማት ይዞልን መጣ።»

የወለተ ኢየሱስ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። አካለ ወልድም ፈገግ አለ። ሚስቱ ስታሾፍ ደስ ይለዋል፤ ደግሞም ነገሩ ከሥሩ ውሸት አልነበረም።

እሱ ሠላሳ ዓመት በግብርና ጽሕፈት ቤት የሰብል ባለሙያ ሆኖ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ባለፈው ዓመት ክረምት ላይ የደም ግፊቱ ከፍ ብሎ ክፉኛ አስደነገጠው። ለምርመራ አዲስ አበባ በሄደበት ሳምንት አንድ ዘመዱ ወደዚያ ሥልጠና ወሰደው። ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ተመለሰ። የማዕዱ ግማሽ ያልተፈተገ እህል ይሁን፤ ቀሪው ባቄላና በወቅቱ የበቀለ አትክልት ይሁን፤ ሥጋ፣ ቅቤና ስኳር ይቅር፤ ቲማቲም፣ ድንችና በርበሬም አብረው ይቅሩ አለ። ምግብ ሁሉ ወይ ዪን የሚሉት ቀዝቃዛ ባሕርይ ወይ ያንግ የሚሉት ሙቅ ባሕርይ አለው፣ ሁለቱን ማመጣጠን የራስ ሐኪም መሆን ነው አለ። ስምንት ወር ሙሉ እንዲህ ሲኖሩ ግፊቱ ወረደ፣ ቦርጩ ጠፋ። ቢቸና ላይ ጎረቤቱን ሰብስቦ ማስተማር ጀመረ። ወሬው ሞጣ ደረሰና ማክሰኞ ማክሰኞ ወደዚያ እየሄደ ሃያ ሰባት ሰው ያስተምራል። ሕዝቡ በፍቅር «ጋሽ ማክሮ» ይለዋል። በጽሕፈት ቤት ሠላሳ ዓመት ሲናገር ማንም ማስታወሻ ይዞለት አያውቅም ነበር፤ አሁን ይይዙለታል። ይህ ከገብሱ ይልቅ ጣፍጦታል።

«ደግሞ ጽናቱ!» አለች ሰገነት ውኃዋን ፉት ብላ። «በሁዳዴስ ሁሉም ጾመኛ ነው፤ አይታወቅም። ሰው የሚለየው በፋሲካ ነው። … እኔ ጾሜን በገብስ ያዝኩ፣ በገብስ ፈታሁ። ከሌሊቱ ቅዳሴ ተመልሰን፣ የጎረቤቱ ዶሮ ወጥ ሽታ በመስኮት እየገባ፣ እኛ ዱባ ቀረበልን። ትንሽ ሆዴ ባባ፤ አልዋሽዎትም። ቀና ብዬ ሳየው ግን ወንድምዎ ዓይኑን ጨፍኖ ያኝካል። ‘ሰገነት፣ ሃምሳውን ቀን ሃምሳ ሃምሳ ጊዜ እያኘክን እናሳልፈዋለን’ አለኝ። እንዴት ያለ ቅኔ ነው? በበዓለ ሃምሳ… ሃምሳ! … ቁርጥ ያለ ሰው ነው እኮ እትዬ። ልጅ ሆኖም እንዲህ ነበር? ቁርጥ! አንዴ ቁርጥ ካለ… በቃ ቁርጥ ነው።»

አካለ ወልድ አሥራ ሰባት ላይ ደርሶ ነበር። አሥራ ስምንትን ዘለላት።

ልጅ ሳለ አራት ዓመት ቅኔ ቤት ቆይቷል። ትምህርቱን ቢተወውም ጆሮው አልተወውም፤ ሰው ሲናገር ሰሙን ከወርቁ ሳይለይ አያልፍም። «ቁርጥ» አንድ ጊዜ ቢባል ቃል ነው። አራት ጊዜ ሲባል ኅብር ነው። ወደ ሚስቱ አየ። ሰገነት የእህቱን ሳህን ወደሳቸው እያስጠጋች ነበር፤ ፊቷ ላይ ምንም የለም። ‘አጋጣሚ ነው’ ሲል ራሱን አጽናና፣ ከአሥራ ዘጠኝ ቀጠለ።

«ጥሬውን ነው የሚወደው» አለች ሰገነት። «እህሉን ማለቴ ነው እትዬ። ፈጭተን፣ ነፍተን፣ ምኑን አውጥተነው! ጥሬው እንዳለ ነው ኃይሉ ይላል። እውነቱን ነው። ጥሬ ኃይል አለው። … ለዚህ ሲል ማክሰኞ በመጣ ቁጥር ማለዳ ተነሥቶ፣ ደብረ ወርቅን አልፎ ሞጣ ድረስ ይሄዳል። ለስብ… ከት። ውይ፣ ምላሴ ተያዘ! ለስብከት። የሞጣ ሕዝብ ታድሏል። ሲመለስ ቢያዩት! የሄደው ደክሞት፣ የሚመለሰው ፊቱ በርቶ። ወዙ! ከንፈሩ ሳይቀር ያበራል። እኔ እኮ ጎመን እንዲህ እንደሚያበራ አላውቅም ነበር። … ለካስ አኛኘኩ ላይ ነው።

«ራት ሳቀርብለት ደግሞ ‘አላሰኘኝም’ ይላል። ምሳው ይዞት የሄደው ገብስ ብቻ፣ ራትም አላሰኘው! እህል ዓለሙን ንቆ መንፈስ ሊሆንብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ቁጭ ይልና በስቴኪኒ ጥርሱን ይጎረጉራል። ዱባ ጥርስ መሐል እንዲህ ጠልቆ እንደሚገባ ያወቅሁት ዘንድሮ ነው። … ‘እዚያ ማን ጋ ታርፋለህ? ማን ያስተናግድሃል?’ ስለው፣ ‘ሰዎች አሉ’ ይለኛል። ሞጣ ዘመድ አላችሁ እንዴ እትዬ? እኔ እስከማውቀው የላችሁም። … ይሁን እንጂ ሰው የሥጋ ዘመዱን የት እንደሚያገኝ አይታወቅም።»

ወለተ ኢየሱስ ማኘካቸውን አቁመው ወንድማቸውን ገርመም አደረጉት። በርበሬ የሌለበት ምሳ ድንገት ቅመም ገብቶበታል። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው እንደገና ማኘክ ጀመሩ፤ አሁን ግን የሚቆጥሩት ሌላ ነገር ነበር።

አካለ ወልድ ጆሮው ጋለ። ነገሩ እንዲህ ነው። ፋሲካ በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሞጣ ላይ አስተምሮ ሲወጣ ከመንገዱ ማዶ ካለው የደምለው ሥጋ ቤት ሳቅ ሰማ። ሳቁ ነው መጀመሪያ የጠራው፤ ሽታው ቀጥሎ መጣ። አንድ የድሮ የሥራ ጓደኛው ከውስጥ አይቶት፣ «አካሌ! ና እንጂ፣ ዓውደ ዓመት አይደል?» አለው። ለአንድ ቀን ነው ብሎ ገባ። አንድ ጊዜ ቆርጦ ሊተው አስቦ ነበር። በሚቀጥለው ማክሰኞ ግን እግሩ ራሱ ወሰደው። እስካሁን አምስት ማክሰኞ ሆነ። ሚስቱ በየሳምንቱ ገብስና ዱባ ሞልታ የምትሰጠውን ምሳ ዕቃ መንገድ ላይ ለተገኘው ሰው ገልብጦ ይሰጣል። ደግ ሥራ እየሠራሁ ነው እያለ ራሱን ያባብል ነበር።

«ባለፈው ማክሰኞ እኮ…» አለች ሰገነት ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ «እኔም ሞጣ ነበርኩ።»

ሠላሳ አንድ። አካለ ወልድ መንጋጋው ቆመ።

«አልነገርኩትም፤ ሐሳብ እንዳይገባው ብዬ። ነገሩ ምን መሰለዎት… ያን ቀን ምሳ ዕቃውን ረስቶት ሄደ። መስኮቱ ላይ ሳየው ልቤ ቀጥ አለ። ሰውዬው በሞጣ ምን ሊበላ ነው? በርበሬ አይነካ፣ ቅቤ አይነካ፣ እንቁላል አይነካ! በረሃብ ሊወድቅብኝ ነው አልኩ። እርስዎ ቢሆኑ ዝም ይላሉ? … ነጠላዬን አደረግሁና ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ደብረ ወርቅ ላይ ዓይኔ ጭልም አለብኝ። ደሜ ትንሽ አንሷል የተባልኩ አይደል? ከጎኔ የተቀመጠች ልጅ ውኃ ቀባችኝ። ‘ያንን ዕቃ ልያዝልዎት’ ብትለኝ ግን አልሰጠኋትም። ዱባው ይገለበጣል ብዬ በጉልበቴ መሐል ያዝኩት።

«ሞጣ እንደደረስኩ መሪማ ዘንድ ሄድኩ። መሪማን ያውቋታል፤ የይማም ሚስት፣ ጨርቃ ጨርቅ የምትሸጠው፣ ልጃችን ስትዳር ጥበቡን ያመጣችልን። ‘ጋሼን አይተሻል?’ ስላት እንዴት ያለ ደግ ሴት ናት፣ ወደ ማዶ በጣቷ አሳየችኝ። ‘እዚያ ምሳ ላይ ናቸው፤ ማክሰኞ ማክሰኞ እኮ ከዚያ አይጠፉም’ አለችኝ። … መሪማ ዓይኗ ደክሟል ማለት ነው። ወደ ማዶ ብመለከት ሌላ ሰውዬ ነው።

«የማላውቀው ሰውዬ። ባርኔጣው ግን፣ እትዬ፣ ቁርጥ የወንድምዎ! ኮቱም እንደዚያው። ክርኑ ላይ በቡኒ ጨርቅ ተጥፏል፤ አጣጣፉ ሳይቀር የኔን እጅ ይመስላል። የሞጣ ሴቶችም እንደኔ ነው የሚጥፉት ለካ። … ብቻ ምን ልበልዎት? ሰው ሲበላ እንዲህ ያምርበታል? ቢላውን አያያዙ! ጮማውን ከቀዩ ጋር አገናኝቶ፣ አዋዜ ላይ አዙሮ… ደግሞ አያኝክም። አንድ፣ ሁለት… ዋጥ። ቆሜ ቆጠርኩለት። ከሦስት ያለፈችው አንዲት ናት፤ እሷም ጅማት በዝቶባት ይመስለኛል። ወንድምዎ ቢያየው ኖሮ ምን ያህል ባዘነ! ‘ወዳጄ፣ ሆድህ ጥርስ የለውም’ ብሎ ይመክረው ነበር።»

ወለተ ኢየሱስ ከዚህ በላይ አልቻሉም። ሳቃቸው በአፍንጫቸው ወጣ፤ አንዲት የገብስ ፍሬ ተፈናጥራ ጎመኑ ላይ አረፈች። እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። አካለ ወልድም ቢሆን፣ ላቡ በጀርባው እየወረደ፣ የዚያች የጅማቷ ነገር ሊያስቀው ነበር። እውነት ነው፤ ጅማት በዝቶባት ነበር።

ሰገነት አልሳቀችም። ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ይዛ ውኃውን ታያለች።

«የዚያ ሰውዬ ሳቁ ነው ዓይኔ ላይ የቀረው። ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ባርኔጣው ሊወድቅ ሲል በክንዱ እየያዘ… እንዴት ይስቃል መሰለዎት! እኔ በዚህ ቤት ስምንት ወር ሙሉ እንደዚያ የሳቀ ሰው አላየሁም። … ቀናሁ። በሥጋው እንዳይመስልዎት። በሳቁ ነው የቀናሁት። ሳቅ እንኳ በርበሬ አለበትና ይቅር የተባለ መስሎኝ ነበር።

«ከዚያ ሚስቱ ትዝ አለችኝ። ሚስት ይኖረው ይሆን? … ይኖረዋል፤ ኮቱ ተጥፏላ። ምን ዓይነት ሴት ትሆን? ምናልባት እንደኔ ሞኝ ናት። ምናልባት በዳግም ትንሣኤ ዕለት ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር እግሯ ከድቷት ቁጭ ብላለች። ጤና ጣቢያ ሄዳ፣ ነርሷ ዓይኗን ገልጣ አይታ፣ ‘ደም አንሶሻል እናቴ፤ ይህን ክኒን ዋጪ፤ ጉበት ብዪ፣ እንቁላል ብዪ’ ብላታለች። ቤት ስትመለስ ደግሞ ባሏ፣ ‘ክኒኑን ተይው፤ ምስሩን አጥብቀሽ አኝኪው፣ ይበቃሻል’ ይላታል። እሷም ክኒኑን ቁም ሣጥን ውስጥ ከታ ታኝካለች። ታኝካለች… ታኝካለች። … አይ፣ ምን ሆኜ ነው! እንዲህ ያለ ባል የለም። አለ እንዴ? እትዬ፣ በርስዎ ዕድሜ እንዲህ ያለ ሰምተዋል?

«የሥጋ ቤቱ ባለቤት ስሙ ማን መሰለዎት? ደምለው! እኔ እኮ ነርሷን ነው የታዘብኳት። ‘ደም አንሶሻል’ ከማለት ‘ደም ደምለው ዘንድ አለልሽ፤ ያንቺንም ድርሻ የሚበላልሽ አለ’ ብትለኝ ምን ነበረበት?»

የወለተ ኢየሱስ ሳቅ ቆመ። እጃቸውን ከአፋቸው አውርደው የሰገነትን ፊት በደንብ አዩት፤ ከንፈሯ መንጣቱን፣ ጉንጯ መጉደሉን አሁን ገና ልብ አሉት። ከዚያ አንገታቸውን ወደ ወንድማቸው አዞሩ። ሲያድጉ እሱን ያዘሉት እሳቸው ናቸው፤ ያ አመለካከት በልጅነቱ ሲያጠፋ መቀመጫውን ከመግረፋቸው በፊት ያዩት የነበረው አመለካከት ነበር።

አካለ ወልድ አቀረቀረ። የዳግም ትንሣኤው ቀን ፊቱ ድቅን አለ። ሰገነት አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ፣ ነጠላዋ ከራሷ ወርዶ፣ ሰው ሲከባት እሱ ለከበቧት ሁሉ፣ «አትደንግጡ፣ ሰውነቷ እየጸዳ ነው» ሲል አስረድቶ ነበር። ‘ክኒኑን ተይው’ ያላትም በዚያው ቀን፣ ጫማውን እያወለቀ፣ እንደ ቀላል ነገር ነው። ያን ጊዜ የመጀመሪያውን ቁርጥ ከበላ አምስት ቀኑ ነበር። እነዚህን ሁለት ነገሮች እስከዛሬ ጎን ለጎን አስቀምጦ አይቷቸው አያውቅም። አሁን እሷ አስቀመጠችለት።

ሊናገር ፈለገ። አፉ ውስጥ ግን ገብስ አለ። ሃምሳ ካለፈ ቆይቷል፤ ገብሱ ውኃ ሆኗል። ቢውጠው መናገር ሊኖርበት ነው። ምን ብሎ? ስለዚህ ማኘኩን ቀጠለ። ስልሳ፣ ስልሳ አንድ፣ ስልሳ ሁለት። ባዶ መንጋጋውን እያንቀሳቀሰ ሰባ ደረሰ።

«ምሳ ዕቃውን ምን አደረግሽው አይሉኝም እትዬ? መሪማ ሱቅ፣ ጨርቁ ክምር ላይ ተቀምጬ ራሴ በላሁት። ሃምሳ ሃምሳ ጊዜ እያኘክሁ። መሪማ ሻይ አፍልታ ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨመረችበት። ጠጣሁት! ቁርጡን ካወቅሁ በኋላ ምን እፈራለሁ? … ማለቴ የመመለሻ መኪናውን ሰዓት ቁርጡን።

«ከዚያ ወዲህ እኔ ተበላሽቻለሁ። ወንድምዎ ፊት ልናዘዝ። ከረቡዕ ጀምሬ ያንን ክኒን እየዋጥኩ ነው። ሳላኝክ! … ደግሞ አንድ ነገር ልለምንዎት። ነገ ሲመለሱ አብሬዎት ልሂድ? እስከ ጰራቅሊጦስ ብቻ። ያ ሙክት ገና አልታረደም ያሉኝ እውነትዎን ከሆነ ጉበቱን ለኔ ያስቀሩልኛል። ልብሴን ትናንት ማታ አስሬያለሁ፤ እምቢ እንደማይሉኝ አውቄ።

«ወንድምዎ እንደሆነ አይቸገር። ገብሱ በማዳበሪያው ሞልቷል። ዱባው አልጋ ሥር ነው፤ አሥራ አራት ነው። ብቻውን እንዳይከፋውም ሰው ጠርቼለታለሁ። መሪማ የሞጣ ተማሪዎቹን ሁሉ ታውቃቸዋለች፤ ነግራልኛለች። እሱ ደክሞ ሞጣ ከሚሄድ እነሱ ማክሰኞ ማክሰኞ አምስት አምስት እየሆኑ ወደዚህ ይመጣሉ። ዙሪያውን ተቀምጠው፣ መምህራቸው ሲያኝክ እያዩ፣ አብረውት ይቆጥራሉ። እንዴት ደስ ይላል! ሞጣ መሄድ ቀረለት እኮ። … አይደለም እንዴ? እፎይ አለ እኮ።»

አካለ ወልድ ዋጠ። የዋጠው ባዶ ነበር። በመስኮቱ በኩል የቢቸና ዋና መንገድ ይታያል፤ ወደ ሞጣ የሚሄድ ሚኒባስ ጡሩንባውን እየነፋ አለፈ። ዞር ብሎ አላየውም። እጁን ዘርግቶ የሰገነትን ብርጭቆ ያዘ፣ ውኃው ቀዝቅዞ ነበርና ከፔርሙሱ ትኩስ ሞላበት፣ ወደ እሷ አስጠጋላት። ስምንት ወር ሙሉ ለእሷ ውኃ ቀድቶ አያውቅም። ሰገነት አየችው። ብርጭቆውን ተቀበለችው እንጂ አልጠጣችለትም።

ተነሥታ የእጅ መታጠቢያውን ውኃ አመጣች። መጀመሪያ ለእህቱ አፈሰሰች፤ ቀጥላ ለእሱ። እጁን ስታስታጥብ ጣቶቹን አንድ በአንድ ቀስ አድርጋ አጠበቻቸው፣ እንደ ሙሽራ እጅ። ፎጣውንም አቀበለችው። ወለተ ኢየሱስ ነጠላቸውን አስተካክለው ለምርቃት ተዘጋጁ፤ ታላቅ ናቸውና ማዕዱን የሚመርቁት እሳቸው ነበሩ። ሰገነት ግን ትከሻቸውን በእጇ ነካ አደረገች።

«እትዬ፣ ዛሬ ለኔ ይፍቀዱልኝ። እርስዎ ለቤቱ ይመርቃሉ፤ እኔ ለመንገደኛው፣ ለዚያ ለሞጣው ሰውዬ ልመርቅለት። አንድ ቀን ባየው ከልቤ አልወጣም አለ። … እግዚአብሔር ዕድሜውን ያርዝምለት። ጥርሱን ያጽናለት። ፊቱ እንዳበራ ይኑር፤ ሳቁን አይንሣው። ቤቱን ሰላም፣ ደጁን እንግዳ የማያጣ ያድርግለት። ክፉ ቀን አይምጣበት። ከመጣም… አንድ ቀን ጉልበቱ ከድቶት፣ ዓይኑ ጭልም ብሎት በሰው እጅ የወደቀ እንደሆነ… ለሚስቱ እሱ እንደሆነላት፣ ልክ እንደዚያ የሚሆንለት ሰው አያሳጣው።»